ቡችላው ሳይሞቅ ወተት አትስጡት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በደብረ ብርሃን፣ በጣርማበርና በመንዝ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሌሊት ለአዲስ ልደት ምቹ አይደለም። ንጋት ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል። ውሻና ድመት ግን ወቅት ጠብቀው አይወልዱም። በዚህ ብርድ የወለደች ውሻ ቡችሎቿ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ በአንድ ሲያልቁ በየሰፈሩ የሚሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው። አንዱ «ሾተላይ ናት» ይላል፣ ሌላው «ዓይን በላቸው» ይላል፣ ሦስተኛው «ጨካኝ ናት፣ ልጇን ገፍታ ጣለችው» ብሎ እናቲቱን ይወቅሳል።

በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ደብዳቤ የላክነው አንድ ነገር አጥብቀን ለመናገር ነው። በደጋው አገራችን አዲስ የተወለዱ ቡችሎችንና የድመት ልጆችን በቅድሚያ የሚጥላቸው ብርድ ነው። ብርዱ ጀምሮ የተወውን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው የሰው ርኅራኄ ነው፤ የቀዘቀዘውን ቡችላ «ራበው» ብለን አፉን ከፍተን የምናፈስለት ወተት ማለታችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡችላ ሲወለድ እርጥብ ነው፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ስስ ነው፣ ዓይኑም ጆሮውም ዝግ ነው። ትልቅ ውሻ ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፣ በመንቀጥቀጡም ይሞቃል። ቡችላ ግን በመጀመሪያው ሳምንት መንቀጥቀጥ አይችልም። ሙቀቱን የሚያገኘው ከእናቱ ሆድ፣ ከወንድሞቹ ገላና ከተኛበት ነገር ነው። የትልቅ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሲሆን የአዲስ ቡችላ በመጀመሪያው ሳምንት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ነው። ወደ እናቱ ሙቀት የሚደርሰው አንድ ወር ሲሞላው ነው። ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ አደጋው ጀምሯል። ከ34 ዲግሪ ተኩል በታች ሲሆን አንጀቱ መንቀሳቀስ ያቆማል፣ የመጥባትና የመዋጥ ኃይሉም ይጠፋል።

እንግዲህ በዚህ ሰዓት ወተት ቢሰጠው ወተቱ የሚሄድበት መንገድ ሁለት ነው። ወይ መዋጥ ስላቃተው በአየር ቧንቧው ወርዶ ሳንባው ውስጥ ይገባል፤ ይህ ቢተርፍ እንኳ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በሳንባ ምች ይገድለዋል። ወይ ደግሞ ጨጓራው ውስጥ ይቀመጥና ሳይፈጭ ይቦካል፣ ሆዱን ይነፋዋል፣ የተነፋው ሆድ ትንፋሹን ይጫነዋል። ብዙ ሰው «ሆዱ ሞልቶ፣ ጠግቦ ነው የሞተው» የሚለው ይህንን ነው። አልጠገበም፤ ወተቱ አልወረደለትም።

እናቲቱም ጨካኝ አይደለችም። ውሻ ልጇ ሕያው መሆኑን ከምታውቅባቸው ነገሮች አንዱ ሙቀቱ ነው። የቀዘቀዘውንና ድምፁ የጠፋውን ትተወዋለች፣ አንዳንዴም በአፍንጫዋ ገፍታ ከጎሬው ታወጣዋለች። ያ ቡችላ ሞቆ፣ ድምፅ አውጥቶ ቢመለስላት አብዛኛውን ጊዜ ትቀበለዋለች።

ስለዚህ ከወንድሞቹ ተነጥሎ የተኛ፣ ሲያነሡት እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚዝለፈለፍ ቡችላ ስታገኙ መጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና ትንሿን ጣታችሁን አፉ ውስጥ አስገቡ። ምላሱ ሞቅ ያለና ጣታችሁን የሚጠባ ከሆነ እናቱ ጡት ላይ አድርጉት። ምላሱ ከጣታችሁ ይልቅ የሚቀዘቅዝ ከሆነና ካልጠባ ግን ወተት የሚባል ነገር አታሳዩት። ከፋርማሲ የሚገዛ የሰው ዲጂታል ቴርሞሜትር ካላችሁ ጫፉን በቫዝሊን ቀብታችሁ በፊንጢጣው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ አስገብታችሁ ለኩ። ይህ መሣሪያ ውሻ ወይም ድመት ባለበት ቤት ሁሉ ቢኖር እንወዳለን።

ማሞቁ የሚጀምረው በማድረቅ ነው። እርጥብ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ እያሻሻችሁ አድርቁት። ከዚያ በጋቢያችሁ ወይም በሹራባችሁ ውስጥ ከገላችሁ ጋር አጣብቃችሁ ያዙት። ለሌሊቱ ደግሞ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። እጃችሁን ሳያቃጥል የሚያሞቅ ውሃ ሙሉበት፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ በሁለት ድርብ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ቡችላውን አጠገቡ አስተኙት። ከላዩ አታስቀምጡት፤ ራሱን ማዞር ስለማይችል በአንድ ጎኑ ይቃጠላል። በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው እናንተ አገላብጡት። በደብረ ብርሃን ሌሊት ጠርሙሱ ቶሎ ይበርዳል፣ በየሰዓቱ መቀየር አለበት። የቀዘቀዘ ጠርሙስ ከቡችላው ሙቀት ይወስዳልና ከሌለው ይብሳል።

በዚህ ሥራ መቸኮል ይገድላል። ሙቀቱ በ1 ሰዓት ከ1 ዲግሪ ገደማ በላይ መጨመር የለበትም፤ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። እሳት ዳር አስጠግቶ ማሞቅ ቆዳውን በአንድ ጊዜ ያግለዋል፣ በቆዳው ያሉት የደም ሥሮች ይከፈቱና ደሙ ከልብና ከአንጎል ይሸሻል፤ ተሻለው ሲባል ድንገት ያልፋል። የተለኮሰ ከሰል በተዘጋ ክፍል ማኖር ደግሞ ለቡችላውም ለቤተሰቡም ሞት ነው።

እየሞቀ ሳለ የሚሰጠው ነገር ጥቂት ጣፋጭ ውሃ ነው። ቡችላ በጉበቱ የሚያከማቸው ስኳር ትንሽ ነው፣ ጥቂት ሰዓት ሳይጠባ ከቆየ ይሟጠጣል፤ ያኔ እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጠዋል፣ ይገተራል፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይጥላል። ከፋርማሲ የሚገኝ የግሉኮስ ዱቄት ካለ እሱ ይሻላል፤ ከሌለ ፈልቶ በቀዘቀዘ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጡና በጣታችሁ ጫፍ ድዱን እየቀባችሁ ቆዩ። አፉ ውስጥ አታፍስሱ። ሙቀቱ 36 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ጣት መጥባት ሲጀምር ነው ወተት የሚፈቀድለት።

የመንዝ ገበሬ ይህን ሁሉ ለበግ ግልገል ያውቀዋል። በውርጭ ሌሊት የተወለደ ግልገል ቤት ገብቶ በባና ተጠቅልሎ ያድራል። በጎቹን ከጅብ የምትጠብቀው ውሻ ግን ከደጅ በሲሚንቶ ወለል ላይ ወይም በአጥር ሥር ትወልዳለች። ይህን ልዩነት ማጥበብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ለውሻዋ ከመውለዷ 1 ሳምንት ወይም 2 ሳምንት አስቀድሞ ነፋስ የማይገባበት ጥግ ይዘጋጅላት፣ ትልመደው። ሲሚንቶ ሙቀት ይመጥጣልና ከሥሩ ሳንቃ ወይም ወፍራም የገብስ ገለባ ይነጠፍ። ከላዩ አሮጌ ዝተት፣ ከዝተቱም በላይ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይደረብ፤ የሱፉ ክር በትንንሽ እግሮቻቸው ላይ እንዳይጠመጠም ነው። ጨርቁ ሲረጥብ መቀየር አለበት፣ ሽንት ያራሰው ጨርቅ ከሲሚንቶ አይሻልም። ግድግዳው ቡችላው ተንፏቆ እንዳይወጣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ለትልቅ ውሻ ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳውም 10 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ዙሪያውን አጣና ቢመታ ቡችሎቹ ከእናቲቱ ጀርባና ከግድግዳው መካከል ተጨፍልቀው አይሞቱም። በተለይ የመጀመሪያዋ በሆነች እናት ሥር ተጨፍልቆ መሞት ብዙ ነው።

ቡችሎቹ በተኙበት ከፍታ ያለው ሙቀት በመጀመሪያው ሳምንት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ በ4ኛው ሳምንት 24 ገደማ ይበቃል። መብራት ያለበት ቤት አምፖል ከላይ ማንጠልጠል ይቻላል፣ ግን ከጎሬው ግማሹን ብቻ ያሙቅ። ሲግላቸው የሚሸሹበት ቦታ ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር ከሌለ ራሳቸው ይናገራሉ። አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለው የሚያለቅሱ ከሆነ በርዷቸዋል። እየተራራቁ የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። ጎን ለጎን ተኝተው አልፎ አልፎ እግራቸው ውልብ የሚል ከሆነ ደህና ናቸው፤ ያ ውልብታ በእንቅልፍ ውስጥ ያለ የጤና ምልክት ነው እንጂ ሕመም አይደለም። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ያለው ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀትር ላይ የሚገድላቸው ሙቀትና የውሃ ጥም ስለሆነ ጥላና ለእናቲቱ ዘወትር የማይጎድል ውሃ ይቀድማል።

ከብርድ ቀጥሎ ብዙ የሚጠፋው በምጥ ሰዓት ነው። ውሻ በአማካይ 63 ቀን ታረግዛለች፤ ድመትም ከ63 እስከ 67 ቀን። ውሻዋ ልትወልድ 1 ቀን ሲቀራት ሙቀቷ ከ37 ዲግሪ ተኩል በታች ይወርዳል። ሙቀቷ ወርዶ 24 ሰዓት ካለፈና ምጥ ካልጀመራት፣ ወይም 30 ደቂቃ ሙሉ በኃይል አምጣ ምንም ካልወጣ፣ ወይም ገና ሆዷ ውስጥ ልጅ እያለ ከ2 ሰዓት በላይ ምጡ ካቆመ ሐኪም ይጠራ። አንደኛው ቡችላ ሳይወለድ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ ደግሞ አንድ ደቂቃም አይጠበቅም፤ የእንግዴ ልጁ ተላቅቋል፣ ቡችላው አየር አጥቷል። ከተወለዱ በኋላ የሚታየው አረንጓዴ ፈሳሽ ግን የተለመደ ነው። ምጥ ማፋጠኛ መርፌ ሳይመረመር አይወጋ። መንገዱ በትልቅ ወይም በተጋደመ ቡችላ የተዘጋ ከሆነ መርፌው ማህፀኗን ይቀድዳል፣ የተቀሩትንም ያፍናል።

የተወለደው ካልተነፈሰ ሽፋኑን ከፊቱ ላይ ቅደዱ፣ አፍና አፍንጫውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጀርባውንና ደረቱን በደረቅ ፎጣ እሹት። ለብዙ ደቂቃ መታሸት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ልቡ እየመታ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። በሁለት እጅ ይዞ ወደ ታች ማወናጨፍ የተለመደ ቢሆንም አንጎሉ ውስጥ ደም ያፈሳል፣ ይቅር። እትብቱን እናቲቱ ካልበጠሰችው ከሆዱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቃችሁ በፈላ ክር እሠሩና ከክሩ ወዲያ በፈላ መቀስ ቁረጡ፤ ጫፉን አዮዲን ውስጥ ንከሩት። እትብት ለጀርም የተከፈተ በር ነው። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን እምብርቱ ዙሪያ የቀላና ያበጠ፣ ሆዱ የተወጠረ ቡችላ ጀርሙ ወደ ደሙ የገባበት ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚፈለገው እንገሩ ነው። ቡችላ በሽታ መከላከያውን በማህፀን ውስጥ የሚያገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው፣ የቀረው በእንገር ይመጣል። አንጀቱ ይህን መከላከያ ሳይፈጭ ወደ ደም የሚያሳልፈው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ከ12 ሰዓት በኋላ በጣም ይቀንሳል፤ በ24 ሰዓት፣ በድመት ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በሩ ይዘጋል። ደካማውን ወደ ኋለኞቹ ጡቶች አስጠጉት፣ ብዙ ወተት ያለው እዚያ ነው። ጠንካሮቹን ለግማሽ ሰዓት ያህል በሞቀ ካርቶን አቆይታችሁ እሱን አስቀድሙት። የላም እንገር ለጥጃ ነው የተሠራው፤ የውሻን በሽታ የሚከላከል ነገር የለውም።

እየጠቡ መሆናቸውን የሚያረጋግጠው ሚዛን ነው፤ ሆድ ማየት አይበቃም። በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ይኑራችሁ። በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉባቸውና በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋትና ማታ እየመዘናችሁ ጻፉ። መካከለኛ ቁመት ያላት ውሻ የምትወልደው 300 ግራም ገደማ ነው፣ የድመት ልጅ 100 ግራም ገደማ። ቡችላ በቀን ከተወለደበት ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መጨመር አለበት፤ በ10 ቀን ገደማ እጥፍ ይሆናል። የድመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ይጨምራል። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ መቀነስ ያለ ነው፤ 300 ግራም ተወልዶ በማግስቱ 270 የወረደ ግን እርዳታ ይፈልጋል። በሁለተኛው ቀን ባለበት የቆመም እንዲሁ። ሚዛኑ ከዓይናችን 1 ቀን ቀድሞ ያያል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ 1 ቀን ትልቅ ነገር ነው።

እናቱ ለሞተችበት ወይም ወተት ለሌላት የላም ወተት ብቻውን አይበቃም። የውሻ ወተት ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ ፕሮቲንና ስብ አለው፣ የወተት ስኳሩ ግን ያነሰ ነው። የላም ወተት ብቻ የሚጠጣ ቡችላ በአንድ በኩል ይራባል፣ በሌላ በኩል ያስቀምጠዋል። የተዘጋጀ የቡችላ ወተት እስኪገኝ ድረስ የሚከተለው ያቆያል፦ ፈልቶ የቀዘቀዘ ስቡ ያልወጣ የላም ወተት 240 ሚሊ ሊትር፣ የ3 እንቁላል አስኳል ያለ ነጩ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት፣ ከተገኘ ጥቂት ጠብታ የሕፃናት ቫይታሚን። በደንብ ተመትቶ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ማቀዝቀዣ ከሌለ በየጊዜው አዲስ ይሠራ።

መጠኑ በመጀመሪያው ሳምንት ለእያንዳንዱ 100 ግራም ክብደት በቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ነው። ባለ 300 ግራሙ ቡችላ በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው፤ በየ3 ሰዓቱ 8 ጊዜ ሲካፈል በአንድ ጊዜ 6 ወይም 7 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የድመቷ ልጅ በአንድ ጊዜ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ናት። በአንድ ጊዜ ለ100 ግራም ከ4 ሚሊ ሊትር በላይ አይሰጥ፣ ጨጓራው ከዚያ በላይ አይችልም። ሌሊትም አይዘለል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚሰጠው እንደ ቀኑ ያስፈልጋል። ወተቱ 38 ዲግሪ ገደማ ይሁን፣ ክንድ ላይ ጠብ ሲል የማይቀዘቅዝ የማያቃጥል። እንደ ሰው ሕፃን በጀርባ አታንጋሉት፤ እናቱን ሲጠባ እንደሚተኛው በሆዱ አስተኝታችሁ አገጩን ትንሽ ቀና አድርጉ። መርፌው የወጣለት ባለ 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ያገለግላል፤ እሱ እየዋጠ እናንተ ጠብታ በጠብታ እንጂ አትግፉ። ወተቱ በአፍንጫው ከወጣ አቁሙ። በየጊዜው ከሆነ ላንቃውን በመብራት እዩ፣ የተሰነጠቀ ላንቃ ይዞ የሚወለድ አለ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ቡችላም ሆነ የድመት ልጅ እስከ 3 ሳምንት ድረስ በራሱ አይሸናም፣ በራሱም ዓይነ ምድር አይወጣውም። እናቱ በምላሷ እየላሰች ነው የምታስወጣለት። እናት የሌለውን ከመብላቱ በፊትና በኋላ በሞቀ ውሃ በራሰ ጥጥ ከሆዱ በታች ቀስ እያላችሁ ጥረጉለት። ሽንቱ ውሃ የመሰለ መሆን አለበት፤ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ የሰውነቱ ውሃ አልቋል።

ስለ እናቲቱ ምግብ የምንለው ለአካባቢያችን የተለየ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የውሻ እርግዝና 63። ቤቱ ሲጾም ውሻዋም የምታገኘው እንጀራና ሽሮ ብቻ ስለሚሆን እርግዝናዋ ከሞላ ጎደል በጾም ሊያልፍ ይችላል። ጾሙ የሰው ነው፤ ለእርጉዟ በቀን አንድ እንቁላል ወይም በደንብ የበሰለ የሥጋ ትርፍራፊ ማዘጋጀት ግን ይቻላል። በመጨረሻዎቹ 3 ሳምንታት ከወትሮዋ ሩብ ያህል ይጨመርላት፤ ስታጠባ በቡችሎቿ ቁጥር ልክ ከእጥፍ እስከ ሦስት እጥፍ ትፈልጋለች። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ የውሻንም የድመትንም ደም ይጎዳል፣ በተለይ የድመትን። ድመት ደግሞ ያለ ሥጋ አትኖርም፤ ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር በእህል ውስጥ የለም። እሱ ያነሳት ድመት ታስወርዳለች ወይም ቀጫጭን ልጆች ትወልዳለች። አይጥ የምትይዝ ድመት ይህን ራሷ ታሟላለች፣ ታስራ በእንጀራ የምትኖረው ግን አትችልም። የበግ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ለውሻ መጣል ሌላ ጣጣ አለው፤ ውሃ የቋጠረው እባጭ በውሻዋ አንጀት ውስጥ ትል ሆኖ ወደ ሰው ይመለሳል። አብስሉት።

ከ2ኛው ሳምንት በኋላ የሚሞቱትን ባብዛኛው የሚጨርሳቸው ትልና ቁንጫ ነው። ወስፋት ቡችላውን ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ ይገባበታል፤ መንጠቆ ትል ደግሞ በወተት ይመጣል። ሆዱ የተነፋ፣ ፀጉሩ የቆመ፣ ድዱ የነጣ ቡችላ ደሙ እየተጠጣ ነው። መድኃኒቱ ፒራንቴል ነው፤ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት፣ ለድመት ልጆች ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ እናቲቱም አብራ። ይህ ወስፋት ሕፃናትንም ስለሚይዝ ጥቅሙ የውሻው ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ለመድኃኒት ሻጮች አንድ ሂሳብ እናስላ። ለበግ ትልና የቆዳ ተባይ የሚወጋው አይቨርሜክቲን 1 በመቶ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለ። ለበግ የሚወጋው ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው። በዚያው ስሌት 300 ግራም ለሚመዝን ቡችላ የሚደርሰው 0.006 ሚሊ ሊትር ነው። ከስሪንጅ የምትወድቅ አንዲት ጠብታ ግን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ናት፤ ከ8 እጥፍ በላይ። «ለቁንጫው አንድ ጠብታ ጠብ አርግለት» ተብሎ የሚሰጠው ይህ ነው። የቡችላ አንጎል ከመድኃኒት የሚከልለው አጥር ገና አልጠነከረም። የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይተኛል፣ አይነሣም። የተለየ ማርከሻ የለውም። ዲያዚኖን የተባለውን ፀረ ተባይና ነጭ ጋዝ መቀባትም መመረዝ ነው፤ ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ ዱቄት ድመትን ይገድላል። የበጉ የትል ክኒን፣ አልቤንዳዞል፣ ተቆርሶ መስጠቱ የደም መሥሪያ መቅኔውን ሊጎዳ ይችላል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ጥርሱንና አጥንቱን ያበላሻል። ለቁንጫው የሚሻለው ቀላሉ ነው፦ ለስላሳ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ፣ ፈጥኖ ማድረቅ፣ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ መልቀም፣ ጨርቁን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ እናቲቱንም ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ በሚፈቀድ መድኃኒት ማከም።

ከቫይረሶቹ የውሻ ሄርፐስን እናንሣ፣ ከብርዱ ጋር ስለሚገናኝ። ይህ ቫይረስ የሚራባው ከትልቅ ውሻ ሙቀት በታች ባለ ገላ ውስጥ ነው። እስከ 3 ሳምንት ያሉ ቡችሎች በድንገት መጥባት ያቆማሉ፣ ያለማቋረጥ ያለቅሳሉ፣ ትኩሳት ሳይኖራቸው በ1 ወይም በ2 ቀን ያልቃሉ። ጎሬውን ማሞቅ ያልተያዙትን ለማትረፍ ከሚረዱት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። በድመት ደግሞ እውነተኛ ሾተላይ አለ። የእናቲቱና የልጆቹ የደም ዓይነት ሳይስማማ ሲቀር ደህና ሆነው ይወለዳሉ፣ እንገሩን ከጠቡ በኋላ ይደክማሉ፣ ሽንታቸው እንደ ቡና ይጠቁራል። ይህ በአንዳንድ የውጭ ዝርያዎች ይበዛል።

ከዞኑና ከወረዳዎቹ የእንስሳት ጤና ክፍሎች የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በየቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ከበግና ከከብት መድኃኒት ጎን ፒራንቴል፣ በግራም የሚለካ ሚዛንና ባለ 1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይኑር። ሻጩ እንስሳው ሳይመዘን አይቨርሜክቲን ለቡችላ አይስጥ። የሞቱት ቡችሎች ምክንያታቸው እንዲታወቅ ኬላው ይቀበላቸው። አንድ ሲሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ በቀዝቃዛ ቦታ፣ ውርጭ በማያገኘው፣ ተቀምጦ በዚያው ቀን ቢመጣ ሳንባው ውስጥ ወተት መኖሩን፣ ኩላሊቱ ላይ የደም ነጠብጣብ መኖሩን ማየት ይቻላል፤ የተቀሩትን የሚያድነው ይህ ነው። እናቲቱ ጠባይዋ ተለውጦ፣ ለሃጯ እየተዝረከረከ፣ ያገኘችውን የምትነክስ ከሆነ ግን በባዶ እጅ ማንም አይንካት፣ የላሰቻቸውንም ቡችሎች አይንካ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና የተነከሰ ወይም የነካት ሰው መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ እኛ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ